ከመናፍስቱ ይልቅ የማያሳምነው ሳይንሱ ነው፦ «ናይት ካንትሪ» ከጀልዴሳ ሲታይ

በሰሜን አላስካ ኤኒስ የምትባል ትንሽ የማዕድን ከተማ አለች። ካርታ ላይ አትፈልጓት፤ ልብ ወለድ ናት። የዓመቱ የመጨረሻ ፀሐይ ጠልቃ ረጅሙ ሌሊት ሲገባ፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ ጻላል የተባለ የምርምር ጣቢያ የሚኖሩ ስምንት ሳይንቲስቶች ድንገት ይጠፋሉ። ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ ነው። ሳንድዊቹ እንደተቀመጠ ነው። ወለሉ ላይ ግን የተቆረጠ የሰው ምላስ ወድቋል። ብዙም ሳይቆይ አብዛኞቹ በረዶው ላይ ራቁታቸውን፣ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ እንደ ድንጋይ ደርቀው ይገኛሉ።

«ትሩ ዲቴክቲቭ፦ ናይት ካንትሪ» የሚጀምረው እንዲህ ነው። ኤችቢኦ በጃንዋሪ 2024 (ጥር 2016 ዓ.ም.) ማሳየት የጀመረው ባለ ስድስት ክፍል የወንጀል ምርመራ ድራማ ነው። ጽፋ ያዘጋጀችው ሜክሲኳዊቷ ኢሳ ሎፔዝ ናት። መርማሪዎቹን ሊዝ ዳንቨርስንና ኢቫንጀሊን ናቫሮን ሆነው የተጫወቱት ደግሞ ጆዲ ፎስተርና የቀድሞዋ የዓለም ቦክስ ሻምፒዮን ካሊ ሪስ ናቸው። ከመቀጠላችን በፊት ሁለት ማሳሰቢያ። አንደኛ፣ ድራማው ለአዋቂዎች የተሠራ ነው፤ ግድያና አስፈሪ ትዕይንት ይበዛበታል። ሁለተኛ፣ መጨረሻውን ሳንነካ ልንተቸው አንችልም። ገና ያላያችሁት ካላችሁ እወቁት።

ተቺዎቹ ምን አሉ?

ይህ ድራማ ተመልካቹንና ተቺውን ለሁለት ከፍሏል። ሮተን ቶሜቶስ በተባለው የአስተያየት መሰብሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ከባለሙያ ተቺዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወደውታል። የተራ ተመልካቾች ውጤት ግን ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ነው። በ2014 የታየውን የመጀመሪያውን ምዕራፍ የጻፈው ኒክ ፒዞላቶ ራሱ አዲሱን ምዕራፍ በአደባባይ ነቅፏል። በሌላ በኩል ድራማው ለ19 የኤሚ ሽልማቶች ታጭቶ ነበር፤ ጆዲ ፎስተርም በምርጥ ተዋናይነት ኤሚውን ወስዳለች።

የክርክሩ ዋና ነጥብ መናፍስቱ ናቸው። ኤኒስ ውስጥ ሙታን ይታያሉ፣ ይጠቁማሉ፣ ይጠራሉ። ነቃፊዎቹ «የወንጀል ምርመራ ውስጥ መንፈስ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ «ሐዘንና ጨለማ ሰውን እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ የኢኑፒያት ሕዝብ ከሙታኑ ጋር ያለው ትስስርም ይከበር» ብለው ይመልሳሉ።

የእኛ አስተያየት ከሁለቱም ትንሽ ወጣ ይላል። መናፍስቱ አያስቸግሩም። ድራማው «እነዚህ የማይመረመሩ ናቸው» ብሎ በግልጽ ለይቶ አስቀምጧቸዋል። የሚያስቸግረው ሳይንስ ተብሎ የቀረበው ነገር ነው። መንፈሱ መንፈስ ነኝ ብሎ ይመጣል፤ አስማቱ ግን ነጭ ጋዋን ለብሶ ነው የሚገባው። ይህን ለማሳየት እስቲ ማስረጃዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። የምናየውም ከጀልዴሳ ሆነን ነው።

ክረምት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጀልዴሳ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ፣ ከከተማዋ በስተሰሜን ያለ ቆላ ነው። ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣ ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበት ትልቅ የመንገድ ጣቢያ ነበር። ለዚህ ቆላ ልጅ «የክረምት ድራማ» ብትሉት የሚመጣለት ደመናና ዝናብ ነው። በረዶ አይደለም። የእኛ ክረምት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የእነሱ የብርድ ወቅት ግን እኛ በጋ የምንለው ታኅሣሥና ጥር ላይ ይውላል። ስለዚህ ከዚህ ሆኖ ይህን ድራማ ማየት ከባዕድ ፕላኔት የመጣ ፊልም እንደማየት ነው።

ይህ ግን ጥቅም አለው። ብርድን የለመደ ሰው «አዎ፣ እንዲህ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ያልለመደ ሰው ግን «እውነት እንዲህ ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል። ሳይንስም የሚጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ነው።

ድራማው በትክክል ያወቀው ብርድ

መጀመሪያ የሚመሰገነውን እናመስግን። ሰዎቹ ለምን ራቁታቸውን ሞቱ? ሰው በብርድ ሲሞት ልብሱን የሚያወልቅበት እውነተኛ ሁኔታ አለ። ሰውነት ሲበርደው የቆዳ የደም ሥሮቹን ያጠብባል፤ ሙቀቱን ለልብና ለአንጎል ለመቆጠብ ነው። ብርዱ ሲበረታ ይህ መቆጣጠሪያ ይደክምና ይለቃል፤ ሞቅ ያለ ደም ወደ ቆዳ ይፈሳል። ያ ሰው እየሞተ ሳለ «ተቃጠልኩ» ይላል፤ አንጎሉም ደክሟልና ልብሱን ያወልቃል። ሐኪሞች በብርድ ከሞቱ ሰዎች በከፊሎቹ ላይ ያዩት ነገር ነው።

ድራማው ይህን ያውቃል፤ አውቆም አንድ ነገር ይጨምርበታል፦ ልብሶቹ ታጥፈው ተቀምጠዋል። እየተቃጠልኩ ነው ብሎ የሚያብድ ሰው ሸሚዙን አያጥፍም! እንግዲህ ሌላ ሰው አለበት ማለት ነው። ጥሩ የምርመራ ድራማ እንዲህ ነው፤ ተመልካቹ የተፈጥሮን ሕግ ካወቀ ሕጉ የተጣሰበትን ቦታ ራሱ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ጥሩ ነገር አስከሬኖቹ የሚቀልጡበት መንገድ ነው። ፖሊሶቹ የበረዶውን ክምር ወደ ከተማው የበረዶ ሜዳ ወስደው በቅዝቃዜ፣ ቀስ ብለው ያቀልጡታል። ለምን አያፈጥኑትም? ከፍሪዘር የወጣ ሙሉ ዶሮ አስቡ። ፀሐይ ላይ ካስቀመጣችሁት ላዩ ለስልሶ መሽተት ሲጀምር ውስጡ ገና ድንጋይ ነው። ክምሩ በተለቀ ቁጥር ሙቀት መሃሉ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ይረዝማል። ቸኩላችሁ ብታሞቁት የላይኛው አካል ይበሰብስና ማስረጃው ይጠፋል።

ሦስተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ዳንቨርስ ሰዎቹ ከጠፉ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ለመገመት ሳንድዊቹን ታያለች፤ የምግቡ ሁኔታ ሰዓት ይነግራታል። በተለመደው ምርመራ አንዱ ሰዓት የአስከሬኑ ሙቀት ነው። ሕያው ሰው 37 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከሞተ በኋላ እንደየሁኔታው በሰዓት 1 ዲግሪ ገደማ እያጣ ወደ አካባቢው ሙቀት ይወርዳል። ደርቆ በረዶ የሆነ አካል ላይ ግን ይህ ሰዓት ቆሟል።

አሁን ወደ ጀልዴሳ እንምጣ። በሞቃት ወራት በድሬዳዋ ቆላ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በአስከሬኑና በአየሩ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሁለት ዲግሪ ብቻ ይሆናል። አካሉ አይቀዘቅዝም ማለት ይቻላል፤ ቴርሞሜትሩም ብዙ የሚናገረው የለም። አያችሁ? በረዶውና ንዳዱ በተለያየ መንገድ አንድን ሰዓት ያበላሻሉ። እዚህም እዚያም መርማሪው ሌላ ሰዓት መፈለግ አለበት፤ ነፍሳትን፣ ምግብን፣ ዱካን።

ፀሐይዋ ለምን ዘገየች?

አሁን ወደሚያስወቅሰው እንሂድ። ድራማው ሲጀምር ስክሪኑ ላይ ሁለት ነገር ይጽፋል። ኤኒስ ከአርክቲክ ክበብ 150 ማይል ወደ ሰሜን ናት፤ የዓመቱ የመጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀውም ዲሴምበር 17 (በእኛ ታኅሣሥ 8 ቀን) ነው። ከዚያ በኋላ ሌሊቶቹን ይቆጥራል። ዲሴምበር 31 ዐሥራ አራተኛው የጨለማ ቀን ነው፤ ፀሐይ ገና አልወጣችም።

እስክሪብቶ አንሱና አብረን እናስላ። ለሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ፀሐይ ዝቅ ብላ የምትታይበት ቀን ዲሴምበር 21 ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ቀን በቀን ዝቅ ትላለች፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ፍጥነት ትመለሳለች። ስለዚህ ፀሐይ ከአንድ ቦታ የጠፋችበትና የተመለሰችበት ቀን ከዲሴምበር 21 ያላቸው ርቀት እኩል ነው። እውነተኛ ከተማ እንይ። በሰሜን አላስካ ኡትኪያግቪክ ፀሐይ ኖቬምበር 18 ገደማ ትጠልቅና ጃንዋሪ 23 ገደማ ትመለሳለች። ቁጠሩት፤ ወደፊትም ወደኋላም 33 ቀን ይመጣል።

በኤኒስ የመጨረሻው ጥልቀት ዲሴምበር 17 ከሆነ፣ እስከ 21 ድረስ 4 ቀን ነው። እንግዲያው ፀሐይ ዲሴምበር 25 አካባቢ መመለስ ነበረባት! ረጅሙ ሌሊት አንድ ሳምንት ገደማ ነው የሚሆነው። በዘመን መለወጫቸው ዋዜማ መርማሪዎቹ ጨለማ ውስጥ የሚንከራተቱበት ምክንያት የለም። ደግሞ 150 ማይል ማለት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ከክበቡ ወደ ሰሜን 2 ዲግሪ ከፍ ይላል። በዚያ ቦታ ፀሐይ የምትጠፋው በዲሴምበር የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ቀኑና ቦታው ራሳቸው አይስማሙም።

ሌላም አለ። ፀሐይ አልወጣችም ማለት ድቅድቅ ጨለማ ነው ማለት አይደለም። በዚያ ኬክሮስ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ናት። ለአምስት ሰዓት ያህል ሰማዩ እንደ ንጋት ይሰማያዊና ሮዝ ይሆናል፤ ያለ መብራት መሄድም ይቻላል። ጀልዴሳ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ነው፤ ስለዚህ የዋልታውን ሌሊት በአሥር ሰዓት እንደሚጠፋ መብራት ብንገምተው አይፈረድብንም። ድራማው ግን ያንን ግምት ከማረም ይልቅ ተመቸበት።

«ድራማ እኮ ነው፤ የሒሳብ ፈተና አደረጋችሁት» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ፍቅር ታሪክ ቢሆን ዝም እንል ነበር። የምርመራ ድራማ ግን ከተመልካቹ ጋር ውል አለው፦ «ያሳየሁህን ልብ በል፤ ፍርዱ እዚያ ውስጥ ነው» ይላል። ቀኑንና ርቀቱን ስክሪን ላይ የጻፈው ራሱ ነው። ልብ ያለ ሰው የሚቀጣበት ምርመራ ጥሩ ምርመራ አይደለም።

የበረዶው ሰው ጩኸት

ከክምሩ ውስጥ አንዱ ሳይንቲስት በሕይወት ይገኛል። ፖሊሱ ሲነካው ክንዱ እንደ ቅርንጫፍ ይሰበራል፤ ሰውየውም ይጮኻል። ትዕይንቱ ያስደነግጣል፤ ባዮሎጂው ግን አይሆንም።

ሰው በጣም ቀዝቅዞ ሊተርፍ ይችላል። በ1999 ኖርዌይ ውስጥ አንዲት ሐኪም በረዶ ሥር በወንዝ ውሃ ተይዛ የሰውነቷ ሙቀት 13.7 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ ልቧም ቆሞ ነበር። ሆስፒታል ደሟን ቀስ ብለው አሙቀው አዳኗት። ነገር ግን መቀዝቀዝና በረዶ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ስለት ያላቸው ቅንጣቶች ይሠራል፤ የሕዋሳቱን ሽፋን ይቀዳል። ክንዱ እስኪሰበር የደረቀ ሰው አብረውት ከደረቁት ጓደኞቹ መካከል ሆኖ የሚጮኽበት ሳንባ ሊቀረው አይችልም። እዚህ ላይ ድራማው «ተአምር ነው» ቢለን እንቀበለው ነበር፤ አላለም። እንደ ተራ የሕክምና ጉዳይ ሆስፒታል አስገባው።

ትልቁ መንፈስ፦ ያቺ ረቂቅ ተሕዋስ

አሁን ወደ ልቡ ደረስን። ጻላል ውስጥ ምን ይመረመር ነበር? ለዘመናት ሳይቀልጥ በኖረ የበረዶ አፈር፣ ፐርማፍሮስት በሚባለው ውስጥ፣ የጠፋች ረቂቅ ተሕዋስ አለች። ዲኤንኤዋ የሕዋሳትን እርጅና ያቆማል፣ ካንሰርን ይፈውሳል፣ ዓለምን ያድናል ይላሉ። አፈሩ ግን ጠንካራ ስለሆነ ናሙናው ሳይበላሽ አይወጣም። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ የማዕድን ማውጫው የበለጠ መርዝ እንዲለቅ ይገፋፉታል፤ መርዙ አፈሩን ያለሰልስላቸዋል። የመንደሩ ውሃ ይጠቁራል፤ ሕፃናት ሞተው ይወለዳሉ። አኒ የምትባል የአገሩ ልጅ ይህን ደርሳበት ናሙናዎቹን ስትሰባብር ይገድሏታል።

መነሻው ተራ ቅዠት አይደለም። በ2014 ተመራማሪዎች ከሳይቤሪያ በረዶ 30,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ግዙፍ ቫይረስ አውጥተው አሜባ ውስጥ ሲራባ አሳይተዋል። በ2022 ደግሞ ከግሪንላንድ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ዲኤንኤ ተነብቧል። ብርድ የዲኤንኤ ጎተራ ነው።

ግን የጥንት ዲኤንኤ የሚያጠና ሰው ከምንም በላይ የሚፈራው ብክለትን ነው። ሙሉ የመከላከያ ልብስ ይለብሳል፣ አየሩን ያጣራል፣ አንዲት የራሱ ፀጉር እንዳትወድቅ ይጠነቀቃል። የማዕድን ዝቃጭ ናሙናዬ ላይ አፍስሱልኝ የሚል ተመራማሪ፣ ስንዴውን ለመውቃት አውድማውን የሚያቃጥል ገበሬ ማለት ነው። ደግሞም አንዲት ተሕዋስ ሁሉንም በሽታ ትፈውሳለች ማለት ሳይንስ አይደለም፤ የጠበል ተስፋ በላቦራቶሪ ቋንቋ ነው። ተቺዎቹ በሚታዩት ሙታን ላይ ሲጨቃጨቁ፣ የድራማው ትልቁ መንፈስ በማይክሮስኮፕ ሥር ተደብቆ አለፈ።

ከዚህ ጋር የአገራችንን ታሪክ አስተያዩ። ሙቀት ዲኤንኤን ስለሚሰባብር ከሉሲ፣ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ፣ የተነበበ ዲኤንኤ የለም። በጋሞ ደጋ፣ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው የሞታ ዋሻ ግን 4,500 ዓመት ገደማ የሆነው የአንድ ሰው አፅም ተገኘ። ዋሻውን ለተመራማሪዎቹ ያሳዩት የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው። ሰውየው «ባይራ» ተባለ፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። ቅዝቃዜው ረድቶ፣ ከጆሮው አካባቢ ካለው ጠንካራ አጥንት ሙሉ የዘር መረጃው ተነብቦ በ2015 ታተመ፤ ከአፍሪካ የተገኘ የመጀመሪያው የጥንት ሰው ጂኖም ነበር። ከወራት በኋላ ከመደምደሚያዎቹ አንዱ በኮምፒውተር ሥራ ስሕተት ምክንያት እንደተጋነነ ታወቀ። ተመራማሪዎቹም በይፋ አረሙት።

ይህ ነው ሳይንስ። ሽማግሌ መንገድ ያሳያል፣ ናሙና ከብክለት ይጠበቃል፣ ውጤት አደባባይ ይወጣል፣ ስሕተት ይታረማል። ጻላል የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው፤ በር የተዘጋ፣ መንደሩን የማያይ፣ ለማንም መልስ የማይሰጥ።

የወለል ጠራጊዎቹ ምርመራ

ታዲያ ድራማው ይጣል? አይደለም። ሁለት ነገር ያተርፈዋል።

አንዱ የገንዘቡ ዱካ ነው። መርማሪዎቹ ጻላልን የሚደጉመው ያው የማዕድን ድርጅት እንደሆነና ጣቢያውም የብክለቱን ቁጥር እያሳሳተ ያወጣለት እንደነበር ይደርሱበታል። ይህ አስማት አይደለም። ማንኛውም ወጣት ተመራማሪ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው፦ ውሃውን የሚመረምረው ሰው ደመወዝ ከማን ኪስ ይወጣል?

ሌላው መጨረሻው ነው። እነዚያ ሁሉ ፖሊሶች ዓመታት ያላገኙትን እውነት ያገኙት ጣቢያውን የሚያጸዱ ሴቶች ናቸው። ወለል ሲጠርጉ የተደበቀውን መግቢያ አዩ፣ መሣሪያውን አዩ፣ ከአኒ ቁስል ጋር አገናኙ። ማንም ቁብ አልሰጣቸውምና ማንም አልተደበቃቸውም። አስተውሎ ማየት የዲግሪ ጉዳይ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ትዕይንት ድራማው ውስጥ የለም።

ነገር ግን እዚህም ላይ ድራማው ከራሱ ይሸሻል። ሴቶቹ ሳይንቲስቶቹን በጠመንጃ አስገድደው፣ አስወልቀው፣ ወደ በረዶው ይሰዷቸዋል። መርማሪዎቹም ይህን ሰምተው ዝም ይላሉ፤ ይፋዊው ሰነድ «የበረዶ ናዳ» ይላል። ምላሱን ማን ጣቢያው ውስጥ እንዳስቀመጠው ጭራሽ አይነገረንም። ደራሲዋ በ1959 በኡራል ተራሮች የሞቱት ዘጠኝ ተጓዦች ጉዳይ፣ የዲያትሎቭ ጉዳይ፣ እንዳነሳሳት ተናግራለች። በዚያ እንቆቅልሽ ላይ በ2021 ሁለት ተመራማሪዎች ስሌት ሠርተው ትንሽ የበረዶ ንጣፍ ናዳ ሊደርስ ይችል እንደነበር አሳዩ። «ሊሆን ይችላል» አሉ እንጂ «ፈታነው» አላሉም። ድራማው ግን ያንኑ ናዳ ለውሸት መሸፈኛ አደረገው። ለአኒ የሚገባት ፍርድ ቤት ነበር፤ ስሟ ተጠርቶ፣ የውሃው ቁጥር ተነብቦ፣ ጥፋተኛው ቆሞ የሚሰማበት። በቀሉ ልብ ያረካል፤ የመንደሩን ውሃ ግን የሚያጠራው በአደባባይ የወጣ ማስረጃ ነው።

የእኛ ድራማ ምን ይመስላል?

ከዚህ ድራማ የምንወስደው ቁም ነገር በረዶው አይደለም። የአካባቢው ተፈጥሮ ጌጥ ሳይሆን ምስክር ሊሆን እንደሚችል ነው። ጀልዴሳ ላይ አንድ ደራሲ የምርመራ ድራማ ቢጽፍ በረዶ አያስፈልገውም። አሸዋማ ደረቅ ወንዝ አለው፤ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ በዘነበ ዝናብ በሌሊት የሚሞላ። በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. (ሐምሌ 1998 ዓ.ም.) ደቻቱ ድሬዳዋ ውስጥ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው እንዲህ ነው። ዱካ የሚያጠፋ ጎርፍ፣ አስከሬን የማያቀዘቅዝ ንዳድ፣ ከድሮ የሲራራ መንገድ የቀረ ወሬ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የሚመሰክሩ እናቶች፤ ይኸው ሙሉ መዝገብ ነው።

ያ ደራሲ ከእናንተ አንዱ ከሆነ አንድ ምክር አለን። መንፈስ ካስፈለጋችሁ አስገቡ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ነገር ግን ጎርፉ ከየት እንደመጣ፣ ውሃው በስንት ሰዓት እንደሚደርስ፣ ጨረቃዋ በዚያ ሌሊት የት እንደነበረች አስልታችሁ ጻፉ። ተመልካቻችሁ እስክሪብቶ አንስቶ ሊያሰላ ይችላል፤ ሲያሰላም ልክ ሆናችሁ ያግኛችሁ።